ምስጥ ስለበላቸው የጀርመን ምስክሮች ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
አሶሳ

ለክቡር አቶ ሕብረት ገረሱ
የዳቡስ ማዶ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍትና ሰነድ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው የምታመላልስዎት መኪናም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ያለፈው ክረምት ለብዙ ነገር ክፉ ነበር፤ እርስዎን ግን ባለፈው ሳምንት በግቢው ውስጥ ፊትዎ ፈክቶ ስላየሁዎት ተጽናናሁ። እኔ ስርጉት ምንይችል እባላለሁ፤ በኮሌጃችን የታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በስም ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ ከቢሮዎ በር ፊት ለፊት ባለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ወር ሙሉ የተቀመጥኩት ሴት ነኝ ብል ምናልባት ጫማዬን ያስታውሱ ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ልደፍርዎት አይደለም። በስውር የጻፍኳቸው ሰባት ደብዳቤዎች በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ከሆኑ በኋላ የት እንደደረሱ የሚያውቅ ስላልተገኘ፣ ስምንተኛው ከእነርሱ ጋር እንዳይጨናነቅ በማሰብ ነው።

ባለፈው ዓመት መግቢያ ላይ ስለ ናዚ ዘመን ጀርመን ለማጥናት የሚያስፈልጉኝን መጻሕፍትና ሰነዶች ዘርዝሬ ባመጣሁልዎት ቀን፣ ወረቀቱን ገልብጠው አይተው «አሶሳ ቁጭ ብለሽ ናዚ ምን ያደርግልሻል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁም። ጥያቄዎ ተገቢ ስለሆነ አሁን እመልሳለሁ።

ወላጆቼ በደርግ ዘመን ከወሎ መጥተው በአሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። እኔ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ግን መተከል ውስጥ፣ ድባጤ ነው። በ2013 ዓ.ም. የዘጠነኛ ክፍል ተጠሪ መምህር ነበርኩ፤ አርባ ሦስት ተማሪዎች ነበሩኝ። በየመንደሩ ሰው ይገደል በነበረበት በዚያ ወራት፣ በስሙ የማውቀው፣ ሁልጊዜም በትሕትና ሰላም የሚለኝ አንድ ሰው ወደ ትምህርት ቤቱ መጣና የተማሪዎቼን መመዝገቢያ ጠየቀኝ። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀበሌና ብሔር የተሞላበት ቅጽ ነው። «ለጸጥታ ሥራ ነው፤ ነገ እመልስልሻለሁ» አለኝ። ደብዳቤ አልያዘም ነበር። ሰጠሁት። በማግስቱም እንዳለው በንጽሕና መልሶ አመጣልኝ፤ አመሰገነኝም። በሦስተኛው ሳምንት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በክፍሌ የቀሩት ሃያ ስድስት ነበሩ። ከጎደሉት አሥራ ሰባት አብዛኞቹ ከወላጆቻቸው ጋር ተሰደው መሄዳቸውን በኋላ ሰማሁ። ሦስቱ ግን ሞተዋል። በዚያ ዝርዝር ምክንያት ይሁን ወይም ያለ ዝርዝር፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁም፤ የጠየቅኳቸው ሁሉ «ተይው» ይሉኛል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ናዚ የሚያደርግልኝ ይህን ነው። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ በትንንሽ ከተሞች ያስተማሩ መምህራን የተማሪዎቻቸውን የዘር ዝርዝር ሲጠየቁ ምን እንዳደረጉ፣ የሰጡትም በኋላ ሲጠየቁ ምን እንደመለሱ ማወቅ ፈለግሁ። የራሴን ለመጠየቅ ድፍረት ስላጣሁ ሩቅ አገር ሄድኩ። ለዚህ ሥራ ላደረጉልኝ ድጋፍ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማቅረብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ፤ ስለ ኮምፒውተር ክፍሉ አመሰግናለሁ። ተማሪዎችን ከክፉ ነገር ለመጠበቅ በተደረገው ጥንቃቄ መሠረት «ናዚ» የሚለውን ቃል በጻፍኩ ቁጥር ማሽኑ ቃሉ ጥላቻ የሚያስፋፋ መሆኑን ገልጾ ይዘጋብኝ ነበር። ቃሉ እንዲከፈትልኝ የናዚ ደጋፊ አለመሆኔን በሁለት ምስክሮች ፊት ፈርሜ እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ ፈረምኩ። አንደኛው ምስክሬ የግቢው ጥበቃ አቶ ጁምዓ ነበሩ። ብዕሩን ይዘው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «መምህርት፣ ይሄ ፓርቲ እኛ ክልል አለ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የለም ብዬ አረጋጋኋቸው፤ እሳቸውም ፈረሙ። ወደ ክፍሌ ስመለስ ግን የመለስኩላቸው መልስ በእግሬ ውስጥ እንደገባ እሾህ ነበር። ቃሉ በተከፈተልኝ ሳምንት ኔትወርኩ ጠፋ፤ እስካሁንም አልተመለሰም፤ ስለዚህ ፈቃዴ አሁንም የጸና ነው።

2ኛ፤ አዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ ቤተ መዛግብት ስለጻፉልኝ የትብብር ደብዳቤ አመሰግናለሁ። ለፊርማ አራት ወር መቆየቱ ደብዳቤው ምን ያህል እንደታሰበበት ያሳያል። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ደርሼ ደብዳቤውን ለመዝገብ ሹሟ ስሰጣቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱኝና «እህቴ፣ ይሄ እኮ ስለ ናዝሬት ከተማ ታሪክ ለምታጠና ሰው ትብብር ይደረግላት ነው የሚለው» አሉኝ። አነበብኩት፤ እውነታቸውን ነው። የእርስዎ ፊርማና ክብ ማኅተሙ በናዝሬት ላይ አርፈዋል። «ሌላውን ላሳይሽ ብፈልግም ይሄ ወረቀት አይፈቅድልኝም፤ አርመውልሽ ተመለሺ» ብለው በአክብሮት ሸኙኝ። ተመለስኩ። በወሩ ታርሞ የወጣው ደብዳቤ «ስለ ናዚሬት» ይላል። ሁለቱንም ወገን ለማስታረቅ የተደረገ ሙከራ መስሎኝ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

3ኛ፤ በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ላይ ስለ ጉዳዩ አንድም መጽሐፍ ባለመኖሩ ዓይኔ አልደከመም። በመናኸሪያው በር ላይ ግን የዚያ አገር መሪ ራሱ የጻፈው መጽሐፍ በአማርኛ ተተርጉሞ ከጸሎት መጻሕፍትና ከእንግሊዝኛ መማሪያ ጎን ተዘርግቷል። ሻጩን የተገደሉት ሰዎች የተናገሩትስ አለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው «እሱን የሚጠይቅ ሰው የለም» አለኝ። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ቁጥሩን ለማሟላት ነው የጻፍኩት።

4ኛ፤ ዋናውና ለማመስገን ቃላት የሚያጥረኝ የጋሼ ገቢሳ ሳጥን ጉዳይ ነው።

ጋሼ ገቢሳ ሌንጂሳ በባምባሲ የሚኖሩ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ጡረተኛ የግብርና ባለሙያ ናቸው። በወጣትነታቸው መንግሥት ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልኳቸው አምስት ዓመት ተቀምጠዋል። በየእሑዱ ምሳ የሚጋብዟቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሴትዮዋ ከጦርነቱ በኋላ በአንዲት አነስተኛ ከተማ የፍርድ ቤት ታይፒስት ሆነው ሠርተዋል። ጋሼ ገቢሳ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እኚያ አሮጊት በገመድ የታሰረ ወረቀት ሰጧቸው፤ በናዚ ዘመን በከተማይቱ ውስጥ ስለተሠራው ግፍ ጎረቤት በጎረቤቱ፣ ተማሪ በመምህሩ ላይ የሰጠው የምስክርነት ቃል የካርቦን ግልባጭ ነው። «እዚህ ማንም ሊያነበው አይፈልግም፤ ራቅ ያለ ቦታ ውሰደው» ብለዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ወረቀቱ በቆርቆሮ ሳጥን ሆኖ ባምባሲ አልጋ ሥር ተቀመጠ። ጋሼ ገቢሳ አንድ ጊዜ ያነበቡት እዚያው ሳሉ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጠየቃቸው የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ።

ከየካቲት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ባምባሲ እሄድ ነበር። ዓይናቸው ስለደከመ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው፣ በማጉያ መስታወት እያነበቡ፣ ቀስ ብለው በአማርኛ ይነግሩኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ባለቤታቸው አዴ ቡሴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ እየፈለቀቁ ይሰማሉ፤ አንዳንዴም ሥራቸውን ትተው «ይሄ የሩቅ አገር ነው ያልከው?» ብለው ባላቸውን ይጠይቃሉ።

በአሥራ አንደኛው ቅዳሜ የአንዲት መምህርት ቃል ላይ ደረስን። ሴትዮዋ የክፍሏን ተማሪዎች ዝርዝር፣ የማን አያት ምን እንደነበረ ሳይቀር፣ ለጠየቋት ሰዎች ሰጥታለች። ዳኛው አስቀድሞ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ ስንት ዓመት እንዳስተማረች ይጠይቃታል። ጋሼ ገቢሳ እየተረጎሙ ነው፤ እኔ ከአፋቸው እየነጠቅሁ እጽፋለሁ። ከገጹ ግርጌ ላይ ዳኛው «ዝርዝሩን ስትሰጪ ለምን እንደሚፈለግ አልጠየቅሽም?» ይላል። እዚያ ላይ ማጉያውን አስቀመጡና ዓይናቸውን በመሀረብ ጠረጉ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ዛሬ ደከመኝ። መልሷን ሳምንት እናያለን» አሉኝ። ለምን ያን ያህል እንደቸኮልኩ አላወቁም፤ አልነገርኳቸውም። እሺ ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት፣ ክቡር ሆይ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያልተመዘገበ ማንኛውም ሰነድ በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንደማይጠቀስ የሚገልጸው መመሪያዎ ወጣ። ቢሮዎ ገብቼ ሰነዱ በግለሰብ እጅ ያለ ብቸኛ ቅጂ መሆኑን፣ ትርጉሙም ገና እንዳላለቀ አስረዳሁ። «ሳጥኑ ይምጣ፤ በሁለት ሳምንት ተመዝግቦ ይሰጥሻል፤ መንግሥት ጋ ከሆነ ደግሞ አይጠፋም» አሉኝ። አመንኩዎት። በደብዳቤው ውስጥ ራሴን የምወቅስበት ቦታ እዚህ ጋ ስለሆነ ጥቂት ልቁም።

ሳጥኑን ስንወስድ አዴ ቡሴ አልወደዱም። «አርባ ዓመት አራት ድንጋይ ላይ አስቀምጬ፣ ሥሩ አመድ እየነሰነስኩ ጠብቄዋለሁ። ምስጡን የማውቀው እኔ ነኝ። እናንተ ጋ አመድ የሚነሰንስ ማነው?» አሉ። ጋሼ ገቢሳ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። «አዴ፣ የኮሌጁ መጋዘን ሲሚንቶ ነው» አልኳቸው። ቀጣዩ ቅዳሜ ሳይደርስ፣ ግንቦት 9 ቀን ሳጥኑን አስረከብን፤ ጋሼ ገቢሳ አዲስ ኮት ለብሰው መጥተው ነበር፤ እርስዎም አብረዋቸው ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ፎቶግራፉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አለ፤ በጣም ጥሩ ወጥቷል።

ሁለቱ ሳምንታት አለፉ። ሰኔ አለፈ። በየቀኑ መጋዘኑ ድረስ እየሄድኩ ንብረት ክፍል የሚሠሩትን ወይዘሮ ዓዲላን አስቸግር ነበር። እሳቸውም በአዘኔታ «ወላሂ መምህርት፣ እኔ ቁልፍ የለም። የመጋዘኑ ሰውዬ ሥልጠና ሄደ፣ ቁልፉም ከሱ ጋር ሄደ» ይሉኛል። የመጋዘኑ ጣሪያ በሐምሌ ዝናብ እንደሚያፈስ ያስታወቁኝም እሳቸው ናቸው። ስለ ፍሳሹ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። በአንደኛው ላይ «ይታይ» ብለው እንደመሩበት አውቃለሁ፤ ማን እንዲያየው ግን አልተጻፈም። ቁልፉን ሰብሮ መግባትም እንደማይፈቀድ፣ ይህ ንብረት ማውደም ተብሎ እንደሚያስጠይቅ በቃል አስጠንቅቀውኛል። ለንብረት ያለዎት ጥንቃቄ ያስቀናል።

መጋዘኑ የተከፈተው ጥቅምት 14 ቀን ነው። ሳጥኑ በወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ተጠግቶ፣ በውኃ ውስጥ ከርሟል። ሥሩ በዝገት ተበልቶ ቀዳዳ ሆኗል፤ ሲሚንቶው በተሰነጠቀበት በኩል ምስጥ ገብቷል። ክዳኑን ወይዘሮ ዓዲላ ናቸው ያነሡት። ከውስጥ ያለው ወረቀት አልነበረም፤ የወረቀት ቅርጽ የያዘ ቀይ አፈር ነበር። ገመዱ ግን እንደታሰረ ነው። ወይዘሮ ዓዲላ ሻሻቸውን ወደ አፋቸው ወስደው «አላህ ያረብ» ብለው ቁጭ አሉ። እኔ በእጄ ነካሁት፤ ተበተነ። ከዚያ ሁሉ ክምር መሐል አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ተርፋ አገኘሁ፤ በላይዋ ላይ የሚነበበው ቀን ብቻ ነው።

ለጋሼ ገቢሳ እንዴት እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ሦስት ቀን ዘገየሁ። በአራተኛው ቀን ባምባሲ ሄጄ ተንበረከክሁና ነገርኳቸው። አዴ ቡሴ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡ፤ እስክሄድ ድረስ አልወጡም። ጋሼ ገቢሳ ጉልበታቸውን እያሹ «የሴትዮዋ አደራ ነበር» አሉ። ያን ጊዜ ለማንም ነግሬው የማላውቀውን የድባጤውን መዝገብ ነገርኳቸው። ከዚያም ለመንኳቸው። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ አንብበውታል። መምህርቷ ለዳኛው ምን ብላ መለሰች?»

የፈዘዘ ዓይናቸውን ወደ እኔ አዙረው ለማስታወስ በእውነት ሲደክሙ አየኋቸው። በመጨረሻም እንዲህ አሉኝ፦ «አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። ያኔ ግን ወጣት ነበርኩ፤ ሰው ይህን የሚፈልግበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ አልያዝኩትም። ደስ እንዲልሽ አንድ መልስ ልፈጥርልሽ እችላለሁ። እሱ ግን የሷ አይሆንም።»

5ኛ፤ የጥናት ኮሚቴው እርስዎ ባሉበት ጉባኤ ጉዳዬን በአንድ ከሰዓት መርምሮ ስለወሰነልኝ አመሰግናለሁ። በእጄ የቀሩት የአሥራ አንድ ቅዳሜ ማስታወሻዎች ዋናው ሰነድ ስለሌለ ምንጭ ሊሆኑ እንደማይችሉ በጽሑፍ ተገልጾልኛል። ዋናው ሰነድ ስለመኖሩ ማስረጃ ይሆነኛል ብዬ የርክክቡን ፎቶግራፍ ባቀርብም፣ ፎቶግራፉ የሚያሳየው ሳጥን እንጂ ወረቀት አለመሆኑን እርስዎ ራስዎ በአስተዋይነት አመልክተዋል። በዚያው ስብሰባ «የማንጎ ምርት ታሪክ በአሶሳ ዙሪያ» የሚል ርእስ ተሰጠኝ፤ ለዚህም በቂ ሪፖርቶች እንዳሉ ተነገረኝ። ፈረምኩ። ብዕሩ ከእጄ አልወደቀም፤ ማንም አላስገደደኝም። አንድ ሰው ወረቀት አቅርቦ በትሕትና ሲጠይቀኝ እምቢ ማለት እስካሁን አልተማርኩም፤ ልማረው ብዬም ነበር ይህን ሁሉ የጀመርኩት።

ክቡር ሆይ፤ በዚህ ደብዳቤ የምጠይቅዎት ነገር የለም። ካሳ አልጠይቅም፤ የሚካስ ነገር አይደለም። ጣሪያው ይጠገን አልልም፤ ከሥሩ የሚጠበቅ ነገር አልቀረም። ይቅርታ እንዲሉኝም አልጠይቅዎትም፤ ሊሉ ቢፈልጉ እንኳ መጀመሪያ ባምባሲ ሄደው ከአዴ ቡሴ ጓዳ በር ላይ መቆም ይኖርብዎታል፤ በሩም የሚከፈት አይመስለኝም። የጻፍኩት አንድ ቀን ሌላ ሰው ይህን ነገር ፈልጎ ወደ ከተማችን ቢመጣ፣ ወረቀቱ እንደነበረና በማን እጅ እንዳለቀ የሚያነብበት አንድ ቦታ እንዲኖር ነው።

ለሥራዎ ስኬት፣ ለማዕረግዎ ዕድገት፣ ለመጋዘንዎ ቁልፍም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከዝቅተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ስርጉት ምንይችል
የማንጎ ታሪክ ተመራማሪ

ድኅረ ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከቢሮዎ ጥሪ ደረሰኝ። በሚቀጥለው ወር «ያለፈው እንዳይደገም፦ ከዓለም ታሪክ የሚወሰድ ትምህርት» በሚል ርእስ ለመምህራን በሚሰጠው የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ስለ ናዚ ዘመን ገለጻ እንዳደርግ መመረጤን፣ የምጠቀምባቸውንም የታሪክ ምንጮች በተላከልኝ ቅጽ ላይ ሞልቼ በአስቸኳይ እንድመልስ ታዝዣለሁ። ቅጹን መልሻለሁ። የምንጮቹን ሠንጠረዥ ባዶ ትቼዋለሁ፤ የተሳታፊዎቹን ስም፣ ቀበሌና ብሔር የሚጠይቀውን ሠንጠረዥም እንዲሁ። ሁለተኛውን ባዶ መተዌ በስሕተት አይደለም።